በሁለት ቋንቋ የተለቀሰለት ልጅ

ግዌን ፕሪቻርድ ጥቁር ለብሳ ከኮረብታው በእግሯ ስትወርድ ያላየ የሰፈራችን ሰው የለም። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። ወንዶቹ በየበረንዳው ሸሚዛቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ የምሳ ድስት ጥደዋል። የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ወደ ኩባንያው ሰፈር ወርዳ አታውቅም ብል እዋሻለሁ። አንድ ጊዜ ወርዳለች፤ እሱን እደርስበታለሁ። እንዲህ ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት ከራሷ እስከ እግሯ ጠቁራ፣ የሰው ዓይን ሳያስደነግጣት ወርዳ አታውቅም።

አጠገቧ በክራንች የሚሄድ ወታደር ነበር። እሱን ላለመቅደም እርምጃዋን ታሳጥራለች። በረንዳ ላይ የነበሩት ወንዶች አንድ በአንድ ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ። ለማን እንዳወለቁ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። ለወታደሩ ይሁን፣ ለእሷ ይሁን፣ ወይስ ለወንድሜ።

ወንድሜ ዩራይ ሶልቲስ ክረምቱ ላይ ጣሊያን ውስጥ ሞተ፤ አንድ ወንዝ ዳር። የመጣው ቴሌግራም ከዚያ በላይ አልነገረንም።

በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

«ማርጊታ» አለችኝ ግዌን፤ ድምፅዋ ከመንገዱ አቧራ የደረቀ ይመስላል። «ይሄ ኮርፖራል ዴልማር ቲል ነው። ከዩራይ ጋር ነበር። መጨረሻውን አይቷል።»

«ላንቺ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። እመጣለሁ ብሎ ጽፎልኝ ጣቢያ ወጥቼ ተቀበልኩት። ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ዝም በል አልኩት። ከእናቱ ቀድሜ አልሰማም። እናትሽ ካስገባችኝ አብረን እንሰማለን። ካላስገባችኝ እሱ ይግባ፤ እኔ እዚሁ ደጅ እጠብቃለሁ።»

ወታደሩ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቷን ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናብ ነው ያወራነው።»

አንድ ሰው የሚወደውን ሰው አሟሟት በአፍንጫው ሥር ይዞ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ያን ያህል መንገድ እንዴት እንደሚሄድ ዛሬም አይገባኝም። እኔ ብሆን ጣቢያው ላይ ልብሱን ይዤ እጮህበት ነበር።

እናቴ ከምድጃው ጋር ቆማ ታያቸዋለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። ከስሎቫኪያ ወደ አሜሪካ መጥታ ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር የሰፈራችን ቋንቋ በቅቷታል። ነገሩን ነገርኳት። የልጅቷን ጥቁር ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የጫማዋን አቧራም አየችው።

«ግቡ በያቸው» አለችኝ።

«እሷም?»

«ደጅ ቆማ መንደሩ ይሰብሰብባት እንዴ? ትግባ።»

ወንበር ሳብኩ። ልቤ ግን አንድ ከባድ ነገር ሲነሣለት ይሰማኝ ነበር፤ ገና ማን እንዳነሣው ሳላውቅ።

*

የከተማችን የኮልብሩክ ሰው ዩራይን በክንዱ ነው የሚያውቀው። በክረምት ከሰል ይቆፍራል፤ በበጋ ለከተማችን የቤዝቦል ቡድን ይጫወታል። ቡድኑ ከትልልቆቹ ሊጎች ብዙ እርከን ዝቅ ያለ ነው። ተጫዋቾቹ በተሰባበረ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ የሚታጠብ ልብሳቸውን እናቶቻቸው ያጥባሉ። የሜዳው አስተዋዋቂ ስማችንን መጥራት ስላቃተው በየጨዋታው ሌላ ስም ያወጣለት ነበር። ዩራይ ይስቃል። «እማዬ ከምትጠራኝ ስም ውጪ ሁሉም ያው ነው» ይላል።

ቦታው ከመቺው ፊት ለፊት፣ ሜዳው የሚያልቅበት አጥር ሥር ነበር። አንድ ቀን የባላጋራው ልጅ ኳሷን መትቶ እስከ አጥሩ ሰደዳት። ሯጩ ኳሷ ሳትመለስ እደርሳለሁ ብሎ ነጥብ ወደሚቆጠርባት የመጨረሻ ምልክት ሲሮጥ፣ ዩራይ አጥሩን ተደግፎ ኳሷን አንሥቶ ወረወረ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ኳሷ ሜዳውን አቋርጣ ስታልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። መሬት ሳትነካ ቀጥ ብላ ሄዳ ምልክቷ ላይ የቆመው የቡድናችን ልጅ ጓንት ውስጥ ገባች። ሯጩ ደርሶ ሲያያት ሩጫውን አቁሞ በእርምጃ ሄደ። አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ ቆፋሪ አማተበ።

ግዌን ጥላ ያለው ወንበር ላይ፣ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሁሉም አጨብጭቦ ከተቀመጠ በኋላ እሷ ገና ቆማ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ በተጫዋቾቹ መውጫ ጠበቀችው። ዩራይ እየሳቀ ደጋግሞ ስለነገረኝ ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ።

«ክንድህን አያምህም?» አለችው።

«ከአካፋ ይሻላል።»

«የአባቴን አካፋ ማለትህ ነው?»

«ያባትሽ አይደለም። ያባትሽ ቢሆን እሱ ይይዘው ነበር።»

ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ አልሸፈነችም። «የዚያን ቀን ኳሷን የወረወርኳት ለካስ ወደ እሷ ነው» ይለኝ ነበር ወንድሜ።

ከዚያ በኋላ በበጋው ሁሉ በዓይን ተነጋገሩ። እሱ ከአጥሩ ሥር፣ እሷ ከጥላው ሥር፣ መሃላቸው ሜዳው ሙሉ። በወሬ የሰማ አባቷ፣ ሚስተር ፕሪቻርድ፣ «ሜዳ ላይ አጨብጭቢለት፣ ማንም አይከለክልሽም። ቤቴ ግን አይገባም» አላት።

እናቴ ደግሞ ከእሱ ባሰች። አባታችን ጉድጓድ ውስጥ ጣራ ተንዶበት ሲሞት የኩባንያው ሰዎች ሬሳውን በጋሪ አምጥተው በረንዳችን ላይ አስቀምጠው ሄደዋል። በር እንኳን አላንኳኩም። እናቴ ለውኃ ስትወጣ ነው ያገኘችው። የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ፕሪቻርድ ነበር።

«በዓለም ላይ ሴት አልቆብህ ነው?» አለችው ዩራይን። «ከዚያ ቤት የመጣች ልጅ እኔ ቤት ዳቦ አትቆርስም።»

ዩራይ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። እናቱን ተቃውሞ አያውቅም፤ ግዌንንም መተው አልቻለም። በዚያ መሃል ጦርነቱ መጣና ዩራይ ለውትድርና ተጠራ።

ሊሄድ ቀኑ ሲደርስ ግዌን የትኛው ባቡር እንደሆነ ልትጠይቅ ወደ ሰፈራችን ወረደች። ወርዳለች ያልኩት ያኔ ነው። ቤት የነበረችው እናቴ ብቻ ነበረች። ከእንግሊዝኛ ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት ሁለቱን መርጣ «የለም፣ ሂጂ» አለቻትና በሩን ዘጋች። ግዌን ዩራይ ራሱ ያስባላት መሰላት።

በማግሥቱ ባቡሩ ሲነቃነቅ ወንድሜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የኮረብታውን መንገድ ያይ ነበር። እኔ እጄን አውለበለብኩለት፤ አላየኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም።

*

አሁን ሦስቱም በእኛ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እናቴ ለወታደሩ የፕለም አረቄ ቀዳችለት። ለግዌንም ቀዳች፣ ግን ብርጭቆውን ወደ እሷ አልገፋችውም።

ኮርፖራሉ የቴክሳስ ልጅ ነው፣ ቃሉን ይጎትታል። እሱ ጥቂት ይናገራል፣ እኔ ለእናቴ እተረጉማለሁ። ግዌን ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ታዳምጣለች።

«ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለ። «ጎህ ሳይቀድ በጀልባ አሻገሩን። እኔ ማዶ ደርሼ ነበር። የዩራይ ጀልባ መሃል ላይ ተመትቶ ሰጠመ፤ እሱ ዋኝቶ ወደመጣበት ዳር ተመለሰ። ሲነጋ ጀልባ የሚባል አልቀረም። እኛ ማዶ ጭቃ ውስጥ ተኝተን ከላይ ይተኩሱብናል። መመለሻ የለንም። ዋኝተን እንሻገር ያሉትን ወንዙ ወሰዳቸው።»

ተረጎምኩ። እናቴ እጇን በመሐረቧ ላይ አኑራ ታየዋለች፤ ገና ሳልተረጉምላት ከፊቱ የምታነብ ይመስል ነበር።

«ዩራይ ቀጭን ገመድ አገኘ። ጫፉ ላይ ብረት አሠረ። ያ ወንዝ… እንዴት ልበልዎት፣ እናቴ፣ ሰው የሚወረውርበት ስፋት አልነበረም። ደግሞ ተኝቶ አይወረወርም። ሁላችን አፈር ልሰን ተኝተን፣ እሱ ብቻ ተነሥቶ ቆመ። ወረወረ፤ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ጎትቶ ሰበሰበና እንደገና ወረወረ። ወደቀ። ጥይቱ ጭቃውን እግሩ ሥር ያስነሣዋል፤ እሱ ገመዱን ሳይቸኩል ይጠቀልላል፣ ልክ ማንም እንዳላየው። ከእኛ አንዱ ‹ተኛ፣ አንተ ዕብድ› ብሎ ጮኸበት። እሱ መልሶ ምን አለ መሰለዎት? ‹አታስቸኩለኝ፣ ነፋሱን እያየሁ ነው› አለ።»

ግዌን አንገቷን ቀና አደረገች። ከንፈሯ ላይ ሳቅ መጥቶ እንባ ሆነ።

«በመጨረሻ የወረወረው በእኔ ራስ ላይ አለፈ። ተነሥቼ ያዝኩት። በቀጭኑ ገመድ ወፍራሙን ሳብንና እኛ ዘንድ ድንጋይ ላይ አሠርነው። እሱ ያለበት ዳር ግን ማሠሪያ አልነበረም፤ ዛፉን ሁሉ መድፍ ጨርሶታል። ገመዱን በጀርባውና በትከሻው አዙሮ፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ ተቀመጠ። እሱ ነበር ምሰሶው። ሰው በገመዱ ተንጠልጥሎ መሻገር ጀመረ። ከዚያ መቱት።»

እዚህ ላይ መተርጎሜን አቆምኩ።

«ለምን ቆምሽ?» አለችኝ እናቴ።

«እማዬ…»

«ቀጥዪ። አባትሽን በረንዳ ላይ ጥለውልኝ ሲሄዱ እንዴት እንደሞተ አንድ ቃል የነገረኝ የለም። ዛሬም አላውቅም። ጮኾ ይሁን፣ ስሜን ጠርቶ ይሁን፣ ቶሎ ይሁን። ስንት ዓመት በሐሳቤ ስገድለው ኖርኩ። የልጄን ልወቅ።»

ግዌን «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድም ሳላለዝብ፣ በረንዳውንም ሳልተው ነገርኳት። አባቷን አልተከላከለችም። «ልክ ናት» አለች ብቻ፤ «ይቀጥል።»

ኮርፖራሉ አረቄውን አንሥቶ ሳይጠጣ መለሰው።

«ገመዱ አንድ ጊዜ ላላ አለ። ቀና ስንል እጁን አነሣና እንደገና ወጠረው። አልጮኸም። ‹ኑ፣ ኑ› ይል ነበር፣ ወደ መጨረሻ ድምፁ አይሰማም፣ ከአፉ እንቅስቃሴ እናውቀዋለን። እግሬን የተመታሁት እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ስሻገር ገመዱ ውጥር እንዳለ ነበር። ደርሼ ትከሻውን ነካሁት። ሞቷል። መቼ እንደሞተ የምናውቅ የለንም። ተቀምጦ፣ ጀርባው ቀጥ እንዳለ፣ ገመዱን እንደያዘ። እጁን ለማላቀቅ ለሁለት ታግለናል።»

የድስቱ ክዳን ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ብዙ ሰው ተሻገረ?» አለች እናቴ።

«አንድ ጭነት መኪና ሞላን። እኔ አንዱ ነኝ፣ እናቴ። ላመሰግንዎት አልመጣሁም፤ የምስጋና ቃል የለኝም። እንዲያዩኝ ነው የመጣሁት።»

ስተረጉምላት እናቴ ተነሣች። ጠረጴዛውን ዞራ በሁለት እጇ ፊቱን ያዘችው። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ክራንቹን የያዘበትን እጅ ቀስ ብላ ዳሰሰች፤ ልጇ በሕይወቱ የገዛውን ዕቃ እንደምታይ ሴት። ወታደሩ ዓይኑን ጨፍኖ ተወላት። እኔና ግዌን እንባ ረሳን። አንዳንድ ነገር ፊት ለማልቀስ እንኳ ሰው ያንሳል።

*

እናቴ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ግዌንን አየቻት። በሩን ከዘጋችባት ቀን ወዲህ በቀጥታ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

«በያት፣ ማርጊታ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዩራይ ቤት አልነበረም፤ ‹ሂጂ› ያልኳት እኔው እንጂ እሱ አላለም። የትኛው ባቡር እንደሆነ አውቅ ነበር። ለልጄም መጥታ ነበር ብዬ አልነገርኩትም። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲያይ አየሁት፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ አይደለም። በያት።»

ነገርኳት። እናቴ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አውቃለሁ በያት» አለች ግዌን በመጨረሻ። «እሱም ያውቅ ነበር።»

«ከየት አወቀ?»

«ጻፍኩለት። ‹በሩን ያዘጋህብኝ ምን አድርጌህ ነው?› አልኩት። ‹እኔ በር አላዘጋሁም፣ ጣቢያ ያልመጣሽው ለምንድን ነው?› አለኝ። ያኔ ገባን። ወደ ባሕር ማዶ ከመሻገሩ በፊት፣ ለአባቴ አክስቴ ጋ ነኝ ብዬ፣ ደቡብ ድረስ ባቡር ይዤ የጦር ካምፑ ሄድኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጡን።»

እናቴ ወንበሯን ሳበች። «አየችው?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ከእኛ በኋላ አይታዋለች? እንዴት ነበር? ከስቷል? የሚበሉት ምን ነበር?»

ይህን ያህል ጊዜ አብሬያት ስኖር እናቴ አንድን ነገር እንዲህ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። ልጇ በመጨረሻ የኖረው ኑሮ፣ ያ ከሰዓት በኋላ፣ ያለው በዚያች ልጅ እጅ ብቻ ነበር። ግዌንም አልሰሰተችም።

«ወፍሯል በያት። ፀሐይ አጥቁሮታል፣ አንገቱ ከአንገትጌው አልገባ ብሎ ነበር። የተጠበሰ ዶሮ በላን። አጥንቱን ሁሉ ከጋጠ በኋላ ‹እማዬ በቅቤ ከምትሠራት ድንች ጋር ቢሆን› አለ። የበሩን ነገር ሳነሣበት ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ‹እናቴ ላልቆጠረችው ሰው በር አትዘጋም፣ ክፍት ትታ ነው ጀርባዋን የምትሰጠው› አለኝ። ‹በርትተሽ አንኳኪ› አለኝ።»

እናቴ ሳቀች። ቴሌግራሙ ከመጣ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሳቁ እንደ ሳል ወጣ፣ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። «ልክ ነው፣ ከይሲ» አለች። «እና ሌላ?»

«ስመለስ አገባሻለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። ‹በእናቴ ቄስ ፊት ነው፣ በእናቴም ፈቃድ ነው› አለኝ። ለዚያም እሺ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ይህን ልብስ አውልቂ አለኝ። ‹አላወልቅም፤ የለበስኩት ለባሌ ነው፣ ቀለበት ብቻ ነው የጎደለው› አልኩት። መንገድ ላይ የሚያየኝ ሁሉ እንዲያይ በእግሬ ወረድኩ።»

ይህን ተረጎምኩ። እናቴ ተነሥታ ከድስቱ ጭልፋ ድንች በሳህን አወጣችና ግዌን ፊት አኖረች። ከዳቦውም ቆርሳ ከጎኑ አደረገች። ያን አረቄም ወደ እሷ ገፋችላት።

በሩ ያለ ማንኳኳት ተከፈተና ጎረቤታችን እትዬ ቬሮና ራሷን አስገባች። ከመንደሩ ሁሉ ቀድማ ወሬ ልትወስድ እንደመጣች ዓይኗ ይናገራል።

«ዙዛና፣ ደኅና ነሽ? አላፊ አግዳሚው ስለሚያወራ ነው» አለቻት እናቴን በቋንቋችን። ግዌን ፊት ያለውን ሳህን አይታ ቅንድቧን ሰቀለች። «የፕሪቻርድ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?»

እናቴ ጭልፋውን ሳታስቀምጥ ዞረች።

«ምሳዋን ትበላለች። የፕሪቻርድ ልጅ አይደለችም፣ ምራቴ ናት። ብትፈልጊ ለአንቺም ድንች አለ፣ ባትፈልጊ ለመንደሩ ሄደሽ ይህንኑ ንገሪ።»

እትዬ ቬሮና ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ነጠላ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባችና ተቀመጠች።

ግዌን ማንኪያዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። የገባት ነገር የለም፤ ስለ እሷ እንደሆነ ግን አውቃለች። ደንግጣለች።

«ምን አለች?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ልሂድ?»

ሁለቱን ቋንቋ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳመላልስ ኖሬአለሁ፤ ለሐኪም፣ ለሱቅ፣ ለቀብር። ያቺን አንዲት ቃል ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር ጉልበት አጣሁ። ኮርፖራሉም ይጠብቀኛል።

«ምራቴ ናት አለች» አልኳት።

ግዌን አላለቀሰችም። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ቀስ ብላ ተነሣች፣ እናቴ ፊት ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ቆመች። እናቴ በእጇ አንገቷን ስባ ግንባሯን ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። ጭልፋው ገና በሌላኛው እጇ ነበር። እኔ ተቀምጬ አየኋቸው፣ ፈራሁም፤ ቅዳሴ ላይ ደወሉ ሲመታና ሁሉም ሲንበረከክ እንደሚመጣው ያለ ፍርሃት፣ ግን ከዚያ ቦታ መሄድ የማያስመኝ።